ተሸናፊ ቡድን ወጣት ሴንተሩን መልሶ ያስፈርም? ስለ ዋሽንግተን ዊዛርድስና ስለ ቶማስ ብራያንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ሊገባደድ ሲል የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የተጫዋቾች ገበያ ይከፈታል። ገበያው በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፦ ቡድኑ እየተሸነፈ ነው፤ ያ ረጅም ወጣት ሴንተር፣ ቀለበቱ ሥር የሚቆመው፣ ግን ደህና ይጫወታል፤ ውሉም አልቋል። ይፈርም ወይስ ይሂድ? ጥያቄው በደፈናው ሲቀርብ መልሱም ደፈና ስለሚሆን አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ እመልሳለሁ። የመረጥሁት የ2019 የዋሽንግተን ዊዛርድስን ውሳኔ ነው። አንደኛው ምክንያት ከውሳኔው በኋላ የሆነውን ሁሉ ዛሬ ማየት መቻላችን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር የአገራችን ሰው ቅርጫት ኳስ ባይወድ እንኳ ከዚህ ቡድን ማምለጥ አለመቻሉ ነው፤ አዳራሹ በሰባተኛው ጎዳና፣ መሐል ከተማ ስለሆነ ታክሲ የነዳ ሁሉ ጨዋታው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ብራያንት ማን ነው? ጥያቄውስ እንዴት ተነሣ?

የሮቸስተር ኒው ዮርክ ልጅ ነው። በ2017 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ቀን፣ 42ኛ ሆኖ ተመርጦ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ገባ። አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይጫወት፣ ለብሮን ጄምስ ወደ ሌከርስ ሊመጣ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ቡድኑ አሰናበተው። ዊዛርድስ ከተሰናባቾች ዝርዝር አነሣው። ገና 21 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ደመወዙም ወደ 1.4 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በኤንቢኤ ሚዛን የሳንቲም ያህል ነበር።

የ2018-19 የውድድር ዘመን ለዊዛርድስ ክፉ ዘመን ነበር። 32 ጨዋታ አሸንፎ በ50 ተሸነፈ። የቡድኑ ራስ ጆን ዎል ተረከዙን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ከዚያ ሳያገግም ቤቱ ውስጥ ወድቆ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። በሴንተርነት ይመራል የተባለው ድዋይት ሃዋርድ ጀርባውን ታምሞ ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ብራያንት የገባው በዚያ ክፍት ቦታ ነው። በ72 ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ 53ቱን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር ጀመረ። በአማካይ 10.5 ነጥብና 6.3 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መልቀም) አስመዘገበ፤ ከወረወራቸው ኳሶችም ከ60 በመቶ በላይ አገባ። ዘመኑ ሲያልቅ ውሉም አለቀ።

በጁላይ 2019 ዊዛርድስ በሦስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር መልሶ አስፈረመው።

ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ምን ያጠራጥራል?

የጉዳዩ ሥር እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በየትኛውም ጨዋታ፣ የትኛውም ቡድን ቢሆን፣ ነጥብ የሚያስቆጥርና ከሰሌዳው የተመለሰ ኳስ የሚለቅም ሰው አይጠፋም። ቡድኑ በ30 ነጥብ ቢሸነፍም ያስቆጠራቸው ነጥቦች የአንድ ሰው ስም ተጽፎባቸው ወደ መዝገብ ይገባሉ። ዎልና ሃዋርድ በሌሉበት ቤት ብራያንት ያገኘው ደቂቃ፣ ቤቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ አይደርሰውም ነበር። ስለዚህ የተሸናፊ ቡድን ሴንተር 10 ነጥብ ሲያስቆጥር ቀድሞ የሚጠየቀው "ማን ስላልነበረ ነው?" የሚለው ነው።

ሪባውንድ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አታላይ ቁጥር ነው። ቀለበቱ ሥር ለቆመ ረጅም ሰው ኳሱ ራሱ ይመጣለታል፤ አንዳንዱን የሚወስደው ከገዛ ጓደኛው እጅ ነው።

የማግባት መቶኛው ግን በቀላሉ አያታልልም። እንዴት እንደሚያገባ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። የዊዛርድስ ኮከብ ብራድሊ ቢል ኳሱን ይዞ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ቆሟል። ብራያንት ከታች ሮጦ ይመጣል፤ ከቢል ጠባቂ ጎን እግሮቹን ተክሎ መከታ ሆኖ ይቆማል። ቢል በትከሻው አጠገብ ታክኮ ሲያልፍ ጠባቂው ከብራያንት ደረት ጋር ይላተማል። አሁን ሁለት ተከላካዮች ቢልን እያዩ ነው። ብራያንት በዚያች ቅጽበት ዞሮ ወደ ቀለበቱ ይሮጣል፤ እጆቹ ከወዲሁ ተዘርግተዋል፤ ኳሱ ደረቱ ላይ ይደርሰዋል፤ አንድ እርምጃ ወስዶ ይሰካታል። ይህን አንድ ሺህ ጊዜ ሳይሰለቹ መሥራት ችሎታ ነው። ብራያንት አይሰለችም ነበር። ከሰካ በኋላም አዳራሹ ግማሹ ባዶ ቢሆን እንኳ እንደ ዋንጫ ፍጻሜ ይጮህ ነበር። አንዳንዱ ተመልካች ይህ ያናድደው ነበር፤ እኔ ወደድሁለት።

አሁን ገልብጡት። ያንኑ ጨዋታ ተጋጣሚው ይጫወትበታል። ኳስ ያዡ መከታውን አልፎ በፍጥነት ወደ ብራያንት ይመጣል። ብራያንት ወደ ፊት ይውጣ ወይስ ወደ ኋላ ያፈግፍግ? ሲወስን ዘግይቷል። ተጋጣሚው የሚወረውር መስሎ ኳሱን ከፍ ያደርጋል፤ ብራያንት ይዘላል፤ ሰውየው ከሥሩ አልፎ ያገባል። ሴንተር የቤቱ ዘበኛ ነው፤ ሌላው አራቱ ተጫዋች የሚደፍረው ከኋላው እሱ አለ ብሎ ነው። በዚህ በኩል ብራያንት የአህያ ባል ነበር፤ ከጅብ አያስጥልም። እንደገና በፈረመበት ዓመት የዊዛርድስ መከላከል ከሊጉ የመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የእሱም ግን ነበረበት።

ያ 14 ከ14 ያገባበት ምሽት በውሳኔው ላይ ምን ያህል ሊመዝን ይገባል?

ዲሴምበር 22 ቀን 2018፣ ፊኒክስ ሰንስ ወደ ዋሽንግተን መጣ። ኬሊ ኡብሬ በዚያው ሳምንት ከዊዛርድስ ወደ ፊኒክስ ተለውጦ ስለሄደ ጨዋታው የቂም ሽታ ነበረው። ሦስት ጭማሪ ሰዓት ፈጀ። ዊዛርድስ 149 ለ146 አሸነፈ፤ ቢል 40 ነጥብ አስቆጠረ። ብራያንት ግን 14 ጊዜ ወርውሮ 14 ጊዜ አገባ፤ 31 ነጥብና 13 ሪባውንድ። የዚያ ዓመት የድራፍት አንደኛ ምርጫ ዴአንድሬ ኤይተን በተቃራኒው ቡድን ነበር። በኤንቢኤ ታሪክ አንድም ሳይስት ከዚህ የበለጠ ያገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ዊልት ቻምበርሌን በ1967 18 ከ18 አግብቷል።

በዚያ ሌሊት ከአዳራሹ የወጡ ሰዎችን በታክሲዬ ጭኛለሁ። ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። አንደኛው የቢልን 40 ነጥብ ትቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ "አሥራ አራት፣ አሥራ አራት" እያለ በጣቱ ይቆጥር ነበር። አዲስ አበባ የነበረ ደጋፊ ደግሞ ጨዋታው በሌሊቱ የተደረገ ስለሆነ ውጤቱን የሰማው ጠዋት ነው፤ 14 ከ14 የሚለውን ሲያነብ የትየባ ስህተት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ወደ ሚዛኑ ስንመጣ፣ አንድ ሌሊት ውል አያስፈርምም። የነገረን ነገር ግን አለ። ከ14ቱ አብዛኞቹ ከቀለበቱ ሥር የገቡ ናቸው፤ እሱ የሚችለውን ብቻ ሠራ፤ የማይችለውን አልሞከረም። ወጣት ተጫዋች በተሸናፊ ቡድን ውስጥ ኳስ ሲበዛለት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ልኩን ማወቅ አቅቶት ነው። ብራያንት ልኩን ያውቅ ነበር። እኔ ብሆን በዚያ ሌሊት ከ31ዱ ነጥብ ይልቅ ይህን እጽፍ ነበር።

"ገደብ ያለው ነፃ ተጫዋች" ማለት ምን ማለት ነው?

ውሉ ያለቀበት ወጣት ተጫዋች ሙሉ በሙሉ ነፃ አይወጣም። ቡድኑ አስቀድሞ የአንድ ዓመት የማቆያ ውል ካቀረበለት፣ ሌላ ቡድን የሚሰጠውን ዋጋ ተመልክቶ "በዚሁ ዋጋ እኔ አስቀረዋለሁ" የማለት መብት ይኖረዋል። የውርስ ቤት ሲሸጥ "የውጭ ሰው በሰጠው ዋጋ እኔው ልግዛው" እንደሚል ወንድም ማለት ነው። በ2019 ደንብ ቡድኑ ለመወሰን 48 ሰዓት ነበረው።

መብቱ በወረቀት ላይ ከሚታየው በላይ ዋጋ አለው። ሌላው ቡድን ዋጋ ሰጥቶ ሲጠብቅ ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል፤ እስከዚያ ሌሎች ጥሩ ተጫዋቾች ከገበያው ይሄዳሉ። ስለዚህ ብዙዎች መጀመሪያውኑ አይደፍሩም፤ የተጫዋቹም ዋጋ ይቀዘቅዛል። ተሸናፊ ቡድን በገበያ ላይ ካሉት ጥቂት ብልጫዎች አንዱ ይህ ነው።

25 ሚሊዮን ዶላር አይበዛም?

ለእኔና ለእርስዎ ይበዛል። ለኤንቢኤ አይበዛም።

የ2019-20 የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም ሊጉ ለአንድ ቡድን ተጫዋቾች ደመወዝ የቆረጠው የዓመት ልክ፣ 109 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የብራያንት ድርሻ በዓመት ከ8 ሚሊዮን ትንሽ ዘለል ያለ ስለሆነ ከጣሪያው ስምንት በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት መጫወት የማይችለው ዎል ወደ 38 ሚሊዮን፣ ቢል ወደ 27 ሚሊዮን ይከፈላቸው ነበር፤ ሁለቱ ብቻ የጣሪያውን ስድስት አሥረኛ በልተዋል። በዚህ ላይ የሌላው ሴንተር የኢያን ማሂንሚ 15 ሚሊዮን ገደማ ደመወዝ አለ።

በማሂንሚ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። በ2016 የደመወዝ ጣሪያው ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ሲዘል ቡድኖች ሁሉ ገንዘብ በእጃቸው አቃጠላቸው። ዊዛርድስ 29 ዓመት የሞላውን ማሂንሚን በአራት ዓመት 64 ሚሊዮን አስፈረመ። በመጀመሪያው ዓመት በጉዳት ምክንያት 31 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። "ወጣቱን አትክፈሉት፣ ገንዘቡን ቆጥቡት" የሚል ሰው ይህን ይርሳ እንጂ እኔ አልረሳውም፤ ተሸናፊ ቡድን ከወጣቱ የቆጠበውን ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ አያስቀምጠውም፤ ሌላ ቡድን የጠገበውን ትልቅ ሰው ይገዛበታል።

ገንዘቡ የሚበዛው መቼ ነው? ቡድኑ ሐሳቡን ቢቀይር ውሉን የሚረከበው ሌላ ቡድን ሲጠፋ ነው። በዓመት በ8 ሚሊዮን የሚጫወት የ22 ዓመት ልጅ ተረካቢ አያጣም። በዓመት በ25 ሚሊዮን የሚጫወት ደግሞ በቀጥታ የቡድኑ ቁራኛ ሆኖ ይቀራል።

ሌሎች ቡድኖች ምን ገጠማቸው?

ዲትሮይት በ2016 አንድሬ ድራሞንድን በአምስት ዓመት ከ127 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈረመ። ድራሞንድ በሪባውንድ ሊጉን ደጋግሞ የመራ ሰው ነው። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ቡድኑ ግን ባለበት ረገጠ። ከፈረመ በኋላ ዲትሮይት ከእሱ ጋር ጥሎ ማለፍ የገባው አንድ ጊዜ በ2019 ብቻ ነው፤ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ወጣ። በፌብሩዋሪ 2020 ወደ ክሊቭላንድ ሲልኩት በምላሹ ያገኙት ሁለት የማይፈለጉ ውሎችና አንድ የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ለሪባውንድ መክፈል፣ ከላይ እንዳልሁት፣ ቀለበቱ ሥር ለመቆም መክፈል ነው።

የዳላሱ ኔርለንስ ኖኤል ታሪክ ተቃራኒው ነው። በ2017 ዳላስ 33 አሸንፎ 49 የተሸነፈ ቡድን ነበር፤ እንደተዘገበው ለኖኤል በአራት ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ልጁ አልፈልግም ብሎ በአራት ሚሊዮን ገደማ የማቆያ ውሉን ፈረመ፤ በዓመቱ የተሻለ አገኛለሁ ብሎ። ከሰልፍ ወጣ፤ አውራ ጣቱም ተጎዳ፤ በአንድ ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ላይ ደግሞ የጋዜጠኞች ክፍል ገብቶ ሆት ዶግ ሲበላ ታይቶ ያ ምስል ከጨዋታው ሁሉ በላይ ታወሰ። ዳላስ ያዳነው ብልህነቱ ሳይሆን የልጁ እምቢታ ነው። እድል ነው እንጂ ስሌት አልነበረም።

ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ በ2011 ደግሞ አለ። ዘመኑን 32 አሸንፎ 50 ተሸንፎ ነበር የጨረሰው፤ ልክ እንደ ዊዛርድስ። ጎልደን ስቴት ለ23 ዓመቱ ዴአንድሬ ጆርዳን የአራት ዓመት 43 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ክሊፐርስ በዋጋው አስቀረው። ኳስ ቀለበት ውስጥ ከመሰካት በቀር ሌላ ማስቆጠሪያ ለሌለው ልጅ በዛ ተባለ። በዚያው ሰሞን ክሪስ ፖል መጣ። ኳስ የሚያቀብል ሰው ሲገኝ ያ "በዛ" የተባለ ውል ርካሽ ሆነ።

ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን ክሊቭላንድ ነው። በ2020-21 ዘመን 22 አሸንፎ 50 ተሸነፈ። በዚያ ዘመን መሐል ጀሬት አለንን ከብሩክሊን አመጣ፤ በ2021 ክረምትም በአምስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። እዚህ ቤትም ሰው ሳቀ። በሚቀጥለው ዓመት ክሊቭላንድ 44 አሸነፈ፤ አለንም ኮከቦች በሚገናኙበት ጨዋታ ተሰለፈ። በዓመት ከብራያንት ከእጥፍ በላይ የሚከፈለው ሰው ለምን አላጸጸተም? ቤቱን ስለሚጠብቅ ነው። ቀለበቱ አጠገብ የሚወረወሩበትን ኳሶች ያጨናግፋል፤ ተጋጣሚውም አይቶት ሐሳቡን ይቀይራል። ያ ሥራ በመዝገብ ላይ ሙሉ በሙሉ አይጻፍም፤ ቡድኑ ክፉም ሆነ ደግ ዋጋው አይለወጥም።

ዋሽንግተን ራሷም የቆየ ልምድ አላት። በ2004 ሚልዋኪ ለኢታን ቶማስ የሰጠውን የስድስት ዓመት ውል ዊዛርድስ በዋጋው አስቀረው። ቶማስ ጠንካራና ታታሪ ሰው ነበር፤ በ2007 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና አንድ ሙሉ ዘመን አለፈው። ስድስት ዓመት ለማንም ሴንተር ረጅም ነው።

ለምን ርካሽ ሴንተር አይፈለግም?

ይፈለጋል፤ ይገኛልም። ከላይኞቹ ጥቂት ሴንተሮች በታች ያለው መደብ ሰፊ ነው፤ በአንዱ ምትክ ሌላውን ብታስገቡ ልዩነቱ የሁለት ሦስት ጨዋታ ነው። በዚህ ላይ የሴንተር ዕድል የሚገመት አይደለም፤ ኒኮላ ዮኪች በ2014 ድራፍት የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነው።

ለብራያንት ደጋፊ ከሁሉ የሚመረው ማስረጃ ይህ ነው። በ2020-21 ብራያንት ከተጎዳ በኋላ ዊዛርድስ ሮቢን ሎፔዝን፣ ከሌላ ቡድን የተሰናበተውን አሌክስ ሌንን፣ በማርች ደግሞ ከቺካጎ በትንሽ ልውውጥ የመጣውን ዳንኤል ጋፎርድን እያፈራረቀ ተጫወተ። ከመጨረሻዎቹ 23 ጨዋታዎች 17ቱን አሸነፈ፤ ጥሎ ማለፍም ገባ። ራስል ዌስትብሩክና ቢል ኳሱን እስከያዙ ድረስ፣ ቀለበቱ ሥር የሚቆመው ሰው የሚዘልና የሚከላከል ከሆነ በቂ ነበር።

ዊዛርድስ በ2019 ወጣት ሊያስቀር ከሆነ ቦቢ ፖርቲስን ለምን አላስቀረም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚያስታውሰውም ጥቂት ሰው ነው። ፖርቲስ በዚያው ክረምት 24 ዓመቱ ነበር፤ ዊዛርድስ የማቆያ ውል ሳያቀርብለት ለቀቀው። ኒው ዮርክ ኒክስ በሁለት ዓመት 31 ሚሊዮን አስፈረመው። በ2021 ደግሞ ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ አነሣ፤ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ሲዘምርለት አይቻለሁ። ዊዛርድስ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ርካሹንና ታናሹን መረጠ። በዋጋው ትክክል ነበር። በሰውየው ግን፣ ዛሬ ሆኜ ሳየው፣ ፖርቲስን አስቀር ነበር።

መሸነፉ ለድራፍት ይጠቅማል፤ ለምን አይተዉትም?

ብራያንት ቢሄድ ምን ያህል ጨዋታ ተጨማሪ ይሸነፉ ነበር? ምናልባት ሦስት። በድራፍት ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ብዙ የተሸነፈ የተሻለ ዕድል አለው። በ2019 ግን ዕጣው ተለውጦ የሦስቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንደኛ የመውጣት ዕድል እኩል 14 በመቶ ሆነ። ዊዛርድስ በዚያው ዓመት ከመጨረሻ ስድስተኛ ሆኖ ዕጣ ገብቶ ዘጠነኛ ወጣ። ለሦስት ሽንፈት ተብሎ ልጅ አይሰደድም።

ቢጎዳስ?

ተጎዳም። ጃንዋሪ 9 ቀን 2021፣ ከማያሚ ጋር በነበረው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ብራያንት በግራ እግሩ ወደ ቀለበቱ ሲያመራ ጉልበቱ ከዳው፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር። በዚያ ዘመን የተጫወተው አሥር ጨዋታ ብቻ ነው፤ በአማካይ ከ14 ነጥብ በላይ እያስቆጠረ፣ ከወረወረው ከስድስት አሥረኛው በላይ እያገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመንም የቀኝ እግሩ መዳፍ ሕመም ብዙ ጨዋታ ነጥቆት ነበር። በጃንዋሪ 2022 ተመለሰ፤ ዝላዩ ግን ያው አልነበረም፤ ጋፎርድም ቦታውን ይዞ ውሉን አራዝሞ ነበር።

ረጅም ሰው በእግሩና በጉልበቱ ይጎዳል፤ ይህ የሚጠበቅ ወጪ እንጂ ዱብ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ሲቆረጥ ከሦስቱ ዓመት አንዱ በሕክምና ያልፋል ብሎ ማስላት ነው። 25 ሚሊዮኑን በሁለት ጤነኛ ዓመት ካካፈልነው 12.5 ሚሊዮን ይመጣል። በዚያ ዋጋ ልግዛው? በ2019 ቢጠይቁኝ "እያንገራገርሁ፣ አዎ" እል ነበር።

ታዲያ ዊዛርድስ ተሳስቶ ነበር?

አልተሳሳተም፤ ብዙም አልተጠቀመም። በፈረመ ዓመቱ ብራያንት 13.2 ነጥብና 7.2 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ከሦስት ነጥብ መስመርም ከ40 በመቶ በላይ አገባ። ቡድኑ ግን 25 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ቀጣዩን ጉልበቱ ወሰደው፤ የመጨረሻውን በማገገም አሳለፈ። በ2022 ውሉ ሲያልቅ ሌከርስ በዝቅተኛው ደመወዝ ወሰደው፤ ዊዛርድስ በምላሹ ያገኘው የለም።

እኔ የምወቅሰው ፊርማውን ሳይሆን የልውውጥ ጊዜ ማሳለፉን ነው። በ2020 ክረምት፣ ሳይጎዳ፣ ሁለት ዓመት የቀረው ርካሽ ውል ይዞ፣ ዋጋው ጣሪያ ላይ ነበር። ተሸናፊ ቡድን የማይከላከል ወጣት ሴንተር በጥሩ ዋጋ ሲያስፈርም እጁ ላይ የገባው ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ነው፤ እንደ ልጁ አቅፎ ሲይዘው ነው የሚከስረው። ቃሉ ለተጫዋቹ ጨካኝ መሆኑን አውቃለሁ። ተጫዋቹ ራሱ ግን ከመሄዱ አልተጎዳም፤ በፌብሩዋሪ 2023 ከሌከርስ ወደ ዴንቨር ተለውጦ በጁን የሻምፒዮን ቀለበት ወሰደ፤ በ2025ም ከኢንዲያና ጋር እስከ ፍጻሜ ደረሰ። ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ፣ በትንሽ ደቂቃ፣ የሚችለውን ብቻ እየሠራ። የታየበት ልክን ማወቅ እዚያ ዋጋ አገኘ።

ይህ ለዛሬው ዊዛርድስ፣ ለአሌክስ ሳር፣ ይሠራል?

በከፊል። ፈረንሳዊው ሳር በ2024 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ሲመረጥ ዊዛርድስ 15 አሸንፎ በ67 ተሸንፎ ነበር፤ በእሱ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ 18 አሸነፈ። በደንቡ መሠረት ከሦስተኛ ዘመኑ በኋላ፣ በ2027 ክረምት፣ ውል ማራዘም ይፈቀድለታል። ሳር የብራያንት ተገላቢጦሽ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ከወረወረው ከ40 በመቶ በታች አገባ፤ ሲከላከል ግን ረጅም እጁ ይደርሳል፤ ሲታለልም ቶሎ ይመለሳል። ነጥቡን አይቶ የሚያጣጥለው ሰው ብዙ ነው። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው፤ ተጋጣሚ ኳስ ያዥ መከታውን አልፎ ወደ ቀለበቱ ሲመጣ፣ ሳርን አይቶ ስንት ጊዜ ኳሱን መልሶ ወደ ውጭ እንደሚያቀብል። ያ ቁጥር በየጨዋታው ከጨመረ ጣሪያው ድረስ ይከፈለው። ካልጨመረ፣ 20 ነጥብ ቢያስቆጥርም፣ በ2019 የተከፈለውን ድርሻ ያህል፤ ከጣሪያው ስምንት በመቶ፤ ለሦስት ዓመት።